«ሰው አይቼ አልሳሳትም» ለምትሉ

ወገኖቼ፣ ይቺን «እኔ ሰው አይቼ አልሳሳትም» የምትሏትን ነገር እባካችሁ ተዉ። ትሳሳታላችሁ። ስትሳሳቱ የሚነግራችሁ ስለሌለ ነው ልክ የሆናችሁ የመሰላችሁ። «ደሜ አልወደደውም» ብላችሁ የሸሻችሁት ሰው ደግ ይሁን ክፉ በምን አወቃችሁ? ሸሽታችሁታላ!

ደግሞ «ቀስ ብዬ አጥንቼው ነው» አትበሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለሰዎች የማያውቋቸውን ፊቶች አሳዩ። ለአንድ አስረኛ ሰከንድ ብቻ። ይሄ ይታመናል፣ ያ አይታመንም ለማለት ያቺው በቃች። ጊዜ ሲጨመርላቸው ፍርዳቸው ብዙም አልተለወጠም፤ በፍርዳቸው መተማመናቸው ግን ጨመረ። እንግዲህ «አጥንቼው» የምንለው ይኼው ነው።

የባሰው ግን አፋችን ነው። ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጥናት ስለ አንድ ሰው ስድስት ቃላት ለሰዎች አነበበ፦ ብልህ፣ ታታሪ፣ ችኩል፣ ተቺ፣ ግትር፣ ምቀኛ። ለሌሎች ደግሞ እነዚያኑ ገልብጦ ከምቀኛ ጀመረ። ብልህን ቀድመው የሰሙት ሰውየውን ጉድለት ያለበት ጎበዝ አደረጉት። ምቀኛን ቀድመው የሰሙት ያን ያህል አልወደዱትም። ቃላቱ እኮ ያው ናቸው! እኛስ? አዲስ ሰው ወደ ሥራ ሲመጣ ጠጋ ብለን «እሱን ተጠንቀቂው፣ ምቀኛ ነው፤ ጎበዝ ግን ነው» እንላለን። ከ«ምቀኛ» በኋላ ያለውን ማን ይሰማል? በሰው ስም እንዲህ መጫወት ነውር ነው።

እኛ ስናረፍድ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው፤ ሌላው ሲያረፍድ ግዴለሽ ስለሆነ ነው። ይቺን እንኳ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ አልደክምባትም።

ከተግሳጹ ራሴን አላወጣም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት ጠዋት ሰላም ስለው ዝም ይለኝ ነበር። ጉረኛ ነው ብዬ ፈረድኩ። ሦስት ወር ሙሉ ሰላምታ ነፈግኩት። ከዚያማ ሳቁም፣ አረማመዱም፣ በር አዘጋጉም የጉራ ሆኖ ታየኝ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ አጠገቤ መጣና ወንበር እንድቀይረው ጠየቀኝ። «በግራ ጆሮዬ አልሰማም» አለኝ፣ በለሆሳስ። ቢሮ ውስጥ የእኔ ጠረጴዛ ያለው በግራው በኩል ነው። አፈርኩ። ወንበሩን ለቀቅኩለት። ማታ ነገሩን ለባለቤቴ ሳወራላት ግን ምን አልኩ? «ቢሆንም፣ ትንሽ ጉራ አያጣውም።»