«ትንሽ ከፍ ብሏል» የሚባለው ስኳር

«ስኳርዎ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ግን የስኳር በሽታ የለብዎትም።» ስልሳን የተሻገሩ አባት ይህን ሲሰሙ እፎይ ይላሉ። የላቦራቶሪውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፈው ኮት ኪሳቸው ይከቱታል። ቤት ሲደርሱ «ደህና ነኝ» ይላሉ። በቃ፣ ወረቀቱ እዚያው ይቀራል።

እኔን የሚያሳስበኝ ያ ወረቀት ነው። «የለብዎትም» የምትለው ቃል «ከፍ ብሏል» የሚለውን ትሸፍነዋለች።

ኤ ዋን ሲ የሚባል ምርመራ አለ። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ በዚህ ዕድሜው ስኳር እየተጣበቀበት ይሄዳል። ምርመራው የተጣበቀውን ይለካል። ስለዚህ የአንድ ጠዋት ሳይሆን የሁለት ሦስት ወር ታሪክ ይናገራል። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር በሽታ ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ደግሞ ቅድመ ስኳር። መስመሩ ለሐኪም ያስፈልጋል። ልብ ግን መስመር አያውቅም።

እንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ ውስጥ ከ45 እስከ 79 ዓመት የሆናቸውን 4,662 ወንዶች የተከታተለ ጥናት በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ኤ ዋን ሲ በአንድ ነጥብ (ለምሳሌ ከ5 ወደ 6 በመቶ) ሲጨምር የመሞት አደጋ በ28 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዕድሜ፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ውፍረትና ሲጋራ ከሒሳቡ ቢወጡም ልዩነቱ አልጠፋም። በልብ በሽታ የሚመጣው ሞትም አብሮ ጨምሯል። በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው፦ ከተጨማሪው ሞት አብዛኛው የደረሰው ስኳር ታማሚ ባልተባሉት ላይ ነው። ብዙዎቹ ያሉት እዚያ ነዋ!

ከፍ ያለ ስኳር የደም ስርን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል፤ ስብ እንዲለጠፍበት መንገድ ይከፍታል። ስኳሩ ለዓመታት ከቆየ ነርቭንም ስለሚያደነዝዝ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሲመጣ ደረት ላይ ሕመም ላይሰማ ይችላል። ትንፋሽ ማጠር ወይም ድንገተኛ ላብ ብቻ ሊሆን ይችላል። «ዕድሜ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ስኳርን በመድኃኒት አብዝቶ ማውረድም መፍትሔ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. አኮርድ የተባለው ትልቅ ሙከራ በጣም ጥብቅ ቁጥጥር በተደረገላቸው ስኳር ታማሚዎች ላይ ሞት በመጨመሩ ያ ክፍል ተቋርጧል። በዕድሜ ለገፋ ሰው የስኳር መውረድም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ግቡን ከሐኪም ጋር መወሰን ይሻላል። በእግር መሄድ፣ ሲጋራ ማቆም፣ ግፊትን መቆጣጠር ግን ስኳር ታማሚ እስኪባሉ አይጠብቅም።

አባትዎ ኮታቸውን ሲያወልቁ ወረቀቱን ይጠይቋቸው። «ደህና ነኝ» ካሉ፣ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ይበሏቸው። ባለፈው ዓመትስ ስንት ነበር?