የከንፈር ነገር

ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ፍራንክ ፋሪያን የሚባል የ82 ዓመት ጀርመናዊ ማያሚ ውስጥ ማረፉ ተሰማ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ እንደ ልማዳችን ሻይ ልንጠጣ ከተሰበሰብነው አምስት ጡረተኞች አንዱ ዜናውን ከስልኩ ላይ አነበበልን። «ነፍስ ይማር» አልን፤ ስኳራችንን አማሰልን፤ አቋርጠነው ወደነበረው የጉልበት ሕመም ወሬያችን ተመለስን። ከንፈሩን የመጠጠ እንኳ አልነበረም። አንባቢው ወዳጃችን ግን መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ይህ እኮ የቦቢ ድምፅ ነው!» አለ።

«ቦቢማ ከሞተ ቆየ፤ አልቅሰንለታል» አለው አጠገቡ የተቀመጠው።

እውነት ነው፣ አልቅሰንለታል። ቦኒ ኤም የተባለው የዲስኮ ቡድን ወንድ ቦቢ ፋረል በ61 ዓመቱ ታኅሣሥ 21 ቀን 2003 ዓ.ም. ሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ውስጥ፣ ባረፈበት ሆቴል ክፍል ሞቶ በተገኘ ጊዜ እኛ አምስታችን ድንኳን መትከል ብቻ ነበር የቀረን። አንዱ ጥቁር ከረባት አስሮ መጣ። ሌላው ከአልበሙ የቆየ ፎቶግራፍ ይዞ መጥቶ፣ ፀጉሩን ያጎፈረው ከቦቢ በፊት እንጂ በኋላ አለመሆኑን ሊያስረዳን አንድ ሰዓት ደከመ። በዚያ ዘመን የቦቢን ጭፈራ «ጉንዳን የወረረው ሰው» እያለ ሲያላግጥ የነበረው ደግሞ፣ እንደ ዋና ሐዘንተኛ መሃል ተቀምጦ አጽናኞችን መቀበል ጀመረ። ስለ ሩሲያው ዛር ባለሟል ስለ ራስፑቲን የዘፈነው ቡድን ወንድ፣ ራስፑቲን በተገደለባት ከተማ፣ ራስፑቲን በተገደለባት ዕለት መሞቱን የሰማው አምስተኛችን፣ «የሙት ስም ማንሳት መዘዙ ይህ ነው» ብሎ አማተበ። ልብ በሉ፣ እኚሁ ሰው በወጣትነታቸው ያንን ዘፈን በአንድ ሌሊት አሥራ አራት ጊዜ ወደ ኋላ እያጠነጠኑ ያስደገሙን ሰው ናቸው፤ ካሴቱ ሲበጠስባቸውም በጥፍር ቀለም አጣብቀው፣ በቢክ እስክሪብቶ ጠምዝዘው ነበር ያስቀጠሉት።

እንግዲህ የዘገየው መርዶ እንዲህ ነው። ምግብ አብሳይነት የተማረው ፋሪያን በ1967 ዓ.ም. ገደማ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ራሱ ዘፍኖ፣ ቦኒ ኤም የሚል ስም ለጥፎ ሸክላ ያስቀርጻል። ሸክላው ገበያ ሲያገኝና ቴሌቪዥን ዘፋኞቹን ልይ ሲል፣ የሚታዩ ሰዎች ይፈልጋል፤ ከአሩባ ደሴት የመጣውን ቦቢን የሚያህል የሚታይ ሰው ደግሞ ከየት ይመጣል? ደረቱን ከፍቶ መድረኩን የሚያምሰው ቦቢ ነው፤ በሸክላው ላይ የሚሰማው ወፍራም የወንድ ድምፅ ግን የፋሪያን ነው። ከሴቶቹም ስቱዲዮ ገብተው የሚዘፍኑት ሊዝ ሚቼልና ማርሲያ ባሬት ነበሩ። ይኸው ሰው ከዓመታት በኋላ ሚሊ ቫኒሊ በተባሉት ሁለት ወጣቶች ያንኑ ዘዴ ሲደግመው ነገሩ ፈነዳና ልጆቹ የተሸለሙት ግራሚ የተባለው የሙዚቃ ሽልማት በ1983 ዓ.ም. ተነጠቀ። ቦቢን ግን ማንም «ድምፅህን አሳየን» አላለውም፤ እኛማ እግሩን እያየን ጆሯችንን መች አዳመጥነው!

ቃሉንም ቢሆን አልሰማነውም። እንግሊዝኛችን ከትምህርት ቤት በር የማያልፍ ስለነበረ፣ የምናውቀውን እናወጣለን፣ የማናውቀውን በአፍንጫችን እናጉረመርማለን። በ1970 ዓ.ም. «ሪቨርስ ኦቭ ባቢሎን» የወጣ ጊዜ፣ በጾም ዘፈን በማይሰማበት ቤታችን ድምፁን ዝቅ አድርጌ ስሰማ አባቴ ደረሱብኝ። ዳዊት ሳይደግሙ እህል የማይቀምሱ ሰው ነበሩ። «ምን ይላል ይህ?» ሲሉኝ፣ ከድንጋጤ ብዛት ያለኝን እንግሊዝኛ ሁሉ አሟጥጬ፣ «ባቢሎን የሚባል ወንዝ ዳር ተቀምጠን አለቀስን ይላል» አልኳቸው። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ውስተ አፍላገ ባቢሎን፣ ህየ ነበርነ ወበከይነ» ብለው ቀጠሉልኝ። መዝሙር 136 ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያች አንዲት ዘፈን ጾም ማስፈሰኪያ ፈቃድ አገኘች፤ ፈቃዱ የተነሣው በሳምንቱ፣ ሸሚዜን እስከ እምብርቴ ከፍቼ መዝሙረ ዳዊትን በቦቢ ርምጃ ስጨፍርባት ባገኙኝ ዕለት ነው። ቃሉ የዳዊት፣ መጀመሪያ የዘፈኑት የጃማይካዎቹ ሜሎዲያንስ፣ ያስቀረጸው ጀርመናዊ፣ ከንፈሩ የቦቢ፣ ኩርኩሙ የእኔ ሆነ።

«ታዲያ አሁን ለማን ነው ያለቀስነው?» ሲል ባለ ከረባቱ ወዳጃችን ጠየቀ። እውነቱን ለመናገር የጠየቀው እንደ ዕድር ገንዘብ ያዥ ነበር፤ ያላግባብ የተከፈለ ለቅሶ ካለ ሒሳቡ ወደ ትክክለኛው ሟች እንዲዛወር የሚሻ ይመስላል። ክርክሩ ጦፈ። አንዱ ለድምፁ ነው ሲል፣ ሌላው ለአፍሮው ነው አለ፤ ፋሪያን ሙሉ ለቅሶ ባይገባውም ከንፈር እንዲመጠጥለት ሐሳብ የቀረበውም በዚህ መካከል ነው።

እስካሁን ዝም ያለው ረጅሙ ወዳጃችን ነበር። እርሱ በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን አባል ነበር፤ የተመረጠው ለድምፁ ሳይሆን ቁመቱ ለሁለተኛው ረድፍ ስለሚስማማ ነው። በመጀመሪያው ልምምድ ኃላፊው ወደ ጥግ ጠርቶ፣ «ጓድ፣ አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሰልፉም በበዓሉም አንቀሳቀሰ። በእርግጥ በሰልፍ ላይ አፉን ብቻ ያንቀሳቅስ የነበረው እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ልዩነቱ እርሱ መመሪያ ተቀብሎ መሆኑ ነው።

«እኔ ያለቀስኩት ለቦቢ ነው» አለ፤ «አሁንም ለእርሱ ነው። ዘፋኝማ ድምፁ ይሸከመዋል። ያለ ድምፅ መቆም ምን ያህል ላብ እንደሚያስወጣ እናንተ አታውቁትም።»

ጨዋታችንን ከሩቅ ሲከታተል የነበረው አስተናጋጅ ልጅ «ጋሼ፣ ይኼ ነው?» ብሎ ከስልኩ «ዳዲ ኩል»ን ለቀቀልን። ያ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ረጅሙ ወዳጃችን ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ፤ የሸሚዙን አንድ ቁልፍ ፈታ፤ አፉን ከፈተ። ትንፍሽ አላለም፤ ከንፈሩ ግን አንዲት ቃል አልሳተችም። አስተናጋጁ ልጅ ሰውየው መናገር ያቃታቸው መስሎት ውኃ ይዞ ሮጠ።