ማን እንደደወለ በጆሮ ማወቅ

እናቴ ስትደውል ስልኬን ማየት አያስፈልገኝም። ለእሷ ብቻ የመረጥኩት የጥሪ ድምፅ አለ። ሌላ ሰው ሲደውል አይሰማም። እጄ ሳሙና ቢሆን፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ቢሆን፣ እሷ መሆኗን አውቄ እነሳለሁ።

አሁን አሁን ብዙ ሰው ስልኩን ወይ ከካርቶኑ ሲወጣ በነበረው ድምፅ ይተወዋል፣ ወይ ሳይለንት ያደርገዋል። የራስን ሪንግቶን መጫን የልጆች ነገር ነው፣ ጊዜው አልፎበታል ይባላል። እኔ ግን ጠቃሚ ነገር እየጣልን ይመስለኛል። (ደዋዩ እስክናነሳ የሚሰማውን የጥሪ ማሳመሪያ ማለቴ አይደለም፤ የእኛው ስልክ የሚያሰማንን ነው።)

ለምን እንደተሰለቸ ይገባኛል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ የኖኪያ ስልኮች ያቺኑ አንድ ዜማ ነበር የሚያሰሙት። ከስፔናዊው ጊታር ተጫዋች ከፍራንሲስኮ ታሬጋ ሥራ የተቀነጨበች ናት። አንድ ስልክ ሲጮህ አምስት ሰው ኪሱን ይዳብሳል። ስለዚህ ሰው የራሱን ዜማ ፈለገ፤ ቁልፎቹን እየነካካ ኖታ በኖታ የሚሠራም ነበር። በኋላ እውነተኛ ዘፈን መጫን ተቻለ። ያኔ ነገሩ ልክ አጣ። ስብሰባ መሃል፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ዘፈን ይለቀቅ ጀመር። ሰው ተማረረና ሁሉንም ዝም አሰኘው።

ጫጫታው መቀነሱ ደግ ነው። ግን ሳይለንት ላይ የማስታወቂያ ጥሪና የታመመ ወንድም ጥሪ እኩል ናቸው። ሁለቱም ሚስድ ኮል ሆነው ይቀራሉ። ይሄ ነው የሚያሳስበኝ።

ስለዚህ ድምፁን ለስልኩ ሳይሆን ለሰው እንስጥ። ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ይበቃል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ስሙን ከኮንታክት ከፍቶ ከሜኑው ሪንግቶን መምረጥ ነው። አይፎን ላይ ደግሞ የሰውየውን ኮንታክት ኤዲት ሲያደርጉ ይገኛል። እዚያው ቦታ ስልኩ ሳይለንት ቢሆንም የዚያ ሰው ጥሪ እንዲሰማ የሚያደርግ ማብሪያ አለ። አንድሮይድ ላይም አትረብሹኝ የሚለው ሲበራ፣ ኮከብ ያደረግንባቸው ሰዎች ብቻ እንዲያልፉ ማድረግ ይቻላል።

ምርጫው ላይ አንድ ነገር ልለምን። በጣም የምትወዱትን ዘፈን አታድርጉት። እኔ አድርጌው ነበር። ዛሬ ያ ዘፈን ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ደስታ ሳይሆን ድንጋጤ ነው የሚሰማኝ። ቤዝ የበዛበት ሙዚቃም አይሆንም፤ ትንሿ ስፒከር ታጠፋዋለች። መግቢያው የረዘመ ዘፈን ከሆነ ደግሞ ገና ሳይጀምር ጥሪው ያልቃል። የሰው ድምፅ ወይም ደወል ጥሩ ነው። ለሽማግሌ ስልክ ስትመርጡ ቀጭን ድምፅ ተዉ፤ ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ ከጆሮ የሚርቀው እሱ ነው።

የእናቴን ስልክ ያስተካከልኩት እንዲህ ነው። እኔና እህቶቼ በየተራ፣ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ብለን ስማችንን እየጠራን ቀዳን። እያንዳንዳችን ስንደውል የራሳችን ድምፅ ይጠራታል። ድሮ ማን እንደሆነ ለማንበብ መነፅሯን ስትፈልግ ጥሪው ያልቅ ነበር። አሁን ገና «ሄሎ» ሳንል በስማችን ታነሳዋለች።