የሽንት ጨርቁን ማን ያጥበዋል?

አራስ ጥየቃ ሲኬድ ዳይፐር ይዞ መሄድ በአዲስ አበባም ሆነ በለንደን በሚኖረው የሐበሻ ማኅበረሰብ ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ስጦታው ከልብ የሚሰጥና ቤቱንም በእርግጥ የሚያግዝ በመሆኑ የምነቅፈው አይደለም። ሆኖም በሁለቱ ከተሞች መካከል ስመላለስ አንድ ነገር ሳላስተውል አላልፍም። አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት አቅም ያገኘ ቤተሰብ የጨርቁን ዘመን እንደ ችግር ዘመን ቆጥሮ ወደ ኋላ ሲተወው፣ ለንደን ውስጥ ደግሞ ቁጥራቸው ገና አነስተኛ ቢሆንም ዳይፐር መግዛት የማያቅታቸው ወላጆች ገንዘብ አውጥተውና ምክር ጠይቀው ወደ ጨርቅ ይመለሳሉ። ሁለቱም የየራሳቸው በቂ ምክንያት አላቸው። እኔ የታዘብኩት ግን ነገሩን የሚወስነው እጥበቱ መሆኑን ነው፤ በምን ውሃ ይታጠባል፣ የት ይሰጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በማን ጉልበት ይታጠባል የሚለው ጥያቄ ነው።

በብሪታንያ በየዓመቱ 3 ቢሊዮን ገደማ ዳይፐር ይጣላል፤ የሚጣለውም በአብዛኛው ይቃጠላል ወይም ይቀበራል። ይህን ቆሻሻ የመሰብሰቡ ወጪ የሚያርፈው ካውንስል በሚባሉት የአካባቢ አስተዳደሮች ላይ ስለሆነ፣ በርካታ የለንደን ካውንስሎች ልጅ ለሚጠብቅ ወይም ለወለደ ቤተሰብ የጨርቅ መግዣ ኩፖን ይሰጣሉ። በበጎ ፈቃደኞች የሚካሄዱ የሽንት ጨርቅ ማዋሻዎችም በየከተማው አሉ። ወላጆች አነስተኛ መያዣ አስይዘው የተለያየ ዓይነት ጨርቅ የያዘ ከረጢት ለጥቂት ሳምንታት ይዋሳሉ፣ ለልጃቸው ገላና ለቤታቸው አኗኗር የሚስማማውን ይለያሉ፣ ከዚያ በኋላ ይገዛሉ። አንዱ ዘመናዊ ጨርቅ እንደ ዓይነቱ ከ10 እስከ 20 ፓውንድ ሊያወጣ ስለሚችል፣ ሳይሞክሩ ሙሉውን መግዛት ለኪስ የሚከብድ ነው። በዚህ ላይ ያገለገለ ጨርቅ መግዛት እዚህ አገር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ የታጠበ ጥጥ ከአዲሱ ይልቅ ውሃ ይመጥጣል።

አንድ እሑድ ከእንዲህ ያለ ማዋሻ ገብቼ አንዲት በጎ ፈቃደኛ አሻንጉሊት ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ስታስተምር ተመልክቻለሁ። በመጀመሪያ አራት ማዕዘኑን ጥጥ በቁመቱ ሦስት ቦታ አጠፈችው፤ ለወንድ ልጅ ከሆነ የፊቱን ጫፍ ደግሞ አንድ ጊዜ መለሰችው፣ ሽንቱ የሚያርፈው እዚያ ነውና። ከዚያ ውሃ በማያሳልፈው ሽፋን ውስጥ አጋድማ ቁልፉን ዘጋች። ከሁሉ በላይ ልብ ያልኩት ቀጥሎ ያደረገችውን ነው፦ ጣቷን በጭኑ ዙሪያ አስገብታ ላስቲኩን ወደ ውስጥ፣ የውስጥ ሱሪ በሚያርፍበት የብሽሽት መስመር ላይ አስተካከለችው። ጨርቅ ያፈስሳል ብለው የሚተዉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈስስባቸው በጭኑ ላይ በቀረው ክፍተት መሆኑን የነገረችን ያን ጊዜ ነው። ጥጡም ከሽፋኑ ጠርዝ ወጥቶ ከታየ ልብሱን ማርጠቡ አይቀርም።

የጨርቁ ዓይነት ብዙ ቢመስልም መሠረቱ አንድ ነው፤ ከውስጥ የሚመጥጥ፣ ከላይ የሚከለክል። ታጣፊው ጥጥና ሽፋኑ ለየብቻ ሲሆኑ ዋጋቸው ይረክሳል፣ ቶሎም ይደርቃሉ። ኪስ ያለው ዓይነት ውስጡ መጣጭ ጨርቅ ይከተትበታል፤ ሁሉንም አንድ ላይ ሰፍቶ የያዘው ደግሞ እንደ ዳይፐር አንድ ጊዜ የሚጠመድ ስለሆነ ለአያትም ለሞግዚትም ቀላል ነው፣ ነገር ግን ለመድረቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። እኔን ብትጠይቁኝ ለጀማሪ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

እናቴ ለንደን በመጣች ጊዜ ከእነዚህ ጨርቆች አንዱን አገላብጣ አየችና ውስጡን በጣቶቿ ዳስሳ፣ «ጥጡስ ጥሩ ነው፤ ግን የት ልታሰጡት ነው?» አለች። እርሷ እኛን ያሳደገችው በእጥበት ብዛት በለሰለሰ አሮጌ ነጠላ ነበር። ነጠላው በልክ ይቀደዳል፣ ጠርዙ ይሰፋል፣ በሦስት ማዕዘን ታጥፎ ይታሰራል። ሲታጠብ ይታሻል፣ አረፋው እስኪጠፋ ይለቀለቃል፣ ጠዋት ገመድ ላይ ተሰጥቶ ከቀትር በፊት ይደርቃል። በክረምት ፀሐይ ስትጠፋ በካውያ ይደርቅ ነበር። የዚያ ዘመን ትልቁ ችግር ከጨርቁ በላይ የሚለበሰው የላስቲክ ሱሪ ነበር፤ አየር ስለማያሳልፍ እርጥበቱን አፍኖ የሕፃኑን መቀመጫ ይልጠዋል። ስለዚህም እናቴ ላስቲኩን የምታለብሰን ከቤት ስንወጣ ብቻ እንደነበረ ነግራኛለች። ቤት ውስጥ ከረጠበ ወዲያው ይቀየራል፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

የእናቴ ጥያቄ የነገሩ እምብርት መሆኑን ጥናትም ይመሰክራል። የብሪታንያ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት፣ አንድ ሕፃን በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ የሚጠቀምበት ዳይፐር 550 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በአማካይ አጠቃቀም የሚታጠበው ጨርቅም 570 ኪሎ ግራም ገደማ የካርቦን ልቀት እንደሚያስከትል ተገልጾ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ታዲያ መድከሙ ለምን ይላል። ነገር ግን ያው ጥናት ማሽኑ ሞልቶ ቢታጠብ፣ ጨርቁ በገመድ ላይ ቢደርቅና ለሁለተኛ ልጅ ቢቆይ የጨርቁ ልቀት በ40 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በመንግሥት የወጣው አዲስ ጥናት ደግሞ ጨርቁ በካርቦን ልቀት ከዳይፐር በ25 በመቶ ገደማ የተሻለ መሆኑን ገልጿል። የዳይፐር ጉዳት በአብዛኛው ከአመራረቱ የሚመጣ ስለሆነ ገዢው ሊያሻሽለው አይችልም፤ የጨርቅ ጉዳት ግን ከእጥበቱና ከማድረቁ ስለሚመጣ በባለቤቱ እጅ ነው። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ ኤሌክትሪኳ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመነጭ፣ ዓመቱን በአብዛኛው ፀሐይ የሚወጣባት አገራችን ከለንደን ይልቅ ለጨርቅ የተመቸች ናት። ለንደን ላይ ግቢ በሌለው አፓርታማ ውስጥ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጭጋግ፣ ጨርቅ ለማድረቅ የሚደረገው ትግል የሚያስመርር ነው። ማሞቂያ ላይ የሚሰጣ ጨርቅ ክፍሉን ያረጥባል፤ መስኮት ካልተከፈተ ግድግዳው ይሻግታል።

ለመጀመር የሚያስብ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ልጀምር ባይል መልካም ነው። የአራስ ሕፃን የመጀመሪያ ቀናት ሰገራ ጥቁርና እንደ ሙጫ የሚጣበቅ በመሆኑ፣ እናትም ገና ከወሊድ ያላገገመች በመሆኗ፣ እነዚያን ቀናት በዳይፐር ማሳለፍ ምንም ነውር የለበትም። ከዚያ ቀን ቀን በጨርቅ፣ ሌሊት በዳይፐር እያሉ መልመድ ይቻላል። አራስ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሊቀየር ስለሚችል፣ በየሁለት ቀኑ ለሚያጥብ ቤት ከ20 እስከ 25 መጣጭ ጨርቅና ስድስት ያህል ሽፋን ይበቃል፤ ሽፋኑ ሰገራ ካልነካው ተጠርጎና አየር አግኝቶ በዚያው ቀን ደግሞ ያገለግላል። አዲስ ጥጥ የተፈጥሮ ቅባት ስላለበት ከመጀመሪያው አገልግሎት በፊት ደጋግሞ መታጠብ አለበት፤ ይህን ያልሰማች እናት ጨርቁ ውሃ አይመጥጥም ብላ በመጀመሪያው ቀን ተስፋ ትቆርጣለች። ጨርቅ አንድ ጥቅም አለው፣ እርሱም ሲረጥብ በእጅ መታወቁ ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በቀን ቢያንስ ስድስት ጊዜ መሽናቱ በቂ ወተት ማግኘቱን ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ ሲሆን፣ በዳይፐር ግን ይህን ለመለየት ያስቸግራል።

እጥበቱን በተመለከተ፣ ዘፍዝፎ ማሳደር የተለመደ ቢሆንም አሁን አይመከርም፤ ላስቲኩንም ቁልፉንም ይጎዳል፣ ውሃ የሞላ ባልዲ በቤት ውስጥ ማኖርም ለሚድህ ልጅ አደገኛ ነው። ያደፈው ጨርቅ አየር በሚያገኝ ባልዲ ውስጥ በደረቁ ይጠራቀማል። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ሰገራ በውሃ ስለሚሟሟ ከነጨርቁ ይታጠባል፤ ልጁ ምግብ ከጀመረ በኋላ ግን ሰገራው አስቀድሞ ሽንት ቤት መራገፍ አለበት። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፣ በበቂ ዱቄት ሳሙና በ60 ዲግሪ ይታጠባል፣ ደግሞ ይለቀለቃል። የልብስ ማለስለሻ ፈጽሞ አይገባበትም፤ ክሩን በቅባት ሸፍኖ መምጠጡን ያስተወዋል። በረኪና ማብዛትም ላስቲኩን ይበላዋል። በእጅ ለሚያጥብ ሰው ጥጡን በፈላ ውሃ ማጠብ ይቻላል፤ ሽፋኑን ግን በፈላ ውሃ ማጠብም ሆነ በካውያ መተኮስ አይገባም። ቢጫው እድፍ ሳይለቅ ከቀረ እርጥቡን ጨርቅ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው፤ ይህን እናቶቻችን ያውቁታል።

አዲስ አበባ ላይ የጨርቁ መሰናክል እውቀት ማጣት አይደለም። ውሃ በፈረቃ ነው። ሮቶ ያለው ቤት ይችለዋል፤ በጀሪካን የሚቀዳ ቤት ግን ለሕፃን ጨርቅ የሚውለውን ውሃ ከማብሰያና ከመጠጫ ጋር ማወዳደር ይኖርበታል፤ እንዲህ ያለችን እናት ጨርቅ እጠቢ ብሎ ከውጭ አገር መምከር ተገቢ ሆኖ አይታየኝም። ሁለተኛው መሰናክል ብዙም የማይነገርለት ነው። ለንደን ውስጥ ጨርቁ የሚታጠበው በማሽን ሲሆን፣ አባት ማታ ከሥራ ሲገባ ባልዲውን ገልብጦ ማሽኑን ማስነሣቱ እንደ ውለታ አይቆጠርም። እኛ ዘንድ ግን ጨርቁ የሚያልፈው በእናት፣ በአያት ወይም በተመላላሽ ሠራተኛ እጅ ነው። በሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ የሌላ ሰው ልጅ ጨርቅ የምታሽ ወጣት ልጅ እጇ በሳሙና ተልጦ አይቻለሁ፤ በዚያ ቤት ዳይፐር ሲገባ የቀለለው የእርሷ ሸክም ነበር። ጨርቅ እንዲመለስ የምንመኝ ሰዎች ይህን ሳንናገር ብናልፍ እውነቱን ደብቀናል። እጥበቱ የቤቱ ሁሉ፣ በተለይም የአባት ሥራ ካልሆነ፣ ወይም ለአጣቢዋ ተጨምሮ ካልተከፈላት፣ ለአካባቢ የሚደረገው በጎ ነገር በአንዲት ሴት ወገብ ላይ የተጫነ ይሆናል።

በሌላ በኩል የዳይፐሩም ሸክም ወደ ሌላ ሰው ይሸጋገራል እንጂ አይጠፋም። በየደጁ ቆሻሻ የሚሰበስቡት የማኅበራት ሠራተኞች ሰገራ የያዘውን ዳይፐር ከሌላው ቆሻሻ ጋር በማዳበሪያ ተሸክመው ያወጡታል፤ በየቱቦው የሚጣለው ደግሞ ክረምት ሲገባ የጎርፉን መንገድ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ የምንጥለው ነገር የሚያርፈው ሰው በሚኖርበት ቦታ መሆኑን አናውቅም ልንል አንችልም።

እኛ በውጭ የምንኖረው 23 ኪሎ የሚይዘውን ሻንጣ በዳይፐር ሞልተን ስንሄድ ኖረናል፤ ያም በጥቂት ሳምንታት ያልቃል። ጥጥ በአገራችን አለ፤ የጎደለው አየር እያሳለፈ ውሃ የሚከለክለው ሽፋን ነው። አሜሪካዊቷ ማሪዮን ዶኖቫን እ.ኤ.አ. በ1946 ከመታጠቢያ ቤት መጋረጃ የመጀመሪያ ሽፋኗን ስትሰፋ ሊፈታላት የፈለገችው ችግር እናቴን ያስቸገራት የላስቲክ ሱሪ ችግር ነበር፤ በኋላም የፓራሹት ናይለን ተጠቅማ፣ መርፌ ቁልፉን በሚጫን ቁልፍ ተክታ አሻሻለችው። ዛሬ ሽፋኑ የሚሠራው በስስ ፖሊዩረቴን ከተለበደ ፖሊስተር ሲሆን፣ ልጁ ሲያድግ ቁልፉ እየተፈታ ከ4 እስከ 15 ኪሎ ገደማ ያገለግላል። ስድስቱ አንድ ላይ ከአንድ እሽግ ዳይፐር ያነሰ ቦታ ይይዛሉ። ጨርቁን በሜትር ገዝቶ መላክም ይቻላል፤ መርካቶ ያለ ልብስ ሰፊ አንድ ናሙና ካየ ላስቲኩንና ቁልፉን ገጥሞ ለመስፋት የሚያቅተው አይመስለኝም። በሚቀጥለው አራስ ጥየቃ እኔ የምይዘው ስድስት ሽፋን፣ ነጭ ጥጥና ክዳን ያለው ባልዲ ነው፤ ባልዲውንም የማስረክበው ለአባትየው ነው።