ውዳሴ ለባለ አንድ ምላስ ቤተሰብ

ሰሞኑን ደግሞ አንድ «ባለ አራት ተራኪ» ልቦለድ ወጣልን። አያት፣ እናት፣ ወንድ ልጇና ትንሿ ሴት ልጇ በየተራ «እኔ» እያሉ ይተርካሉ። ማን እያወራ እንደሆነ የምናውቀው በየምዕራፉ አናት ላይ ስም ስለተጻፈ ነው። ማተሚያ ቤቱ ይባረክ!

እንዴት ያለ የተስማማ ቤተሰብ ነው! ጀበና ይሰበራል። ፊደል ያልቆጠሩት የሰማንያ ዓመቷ አያት «የስብራቱ ድምፅ የህልውናዬን ዝምታ ሰነጠቀው» ይላሉ። ጉሊት ሽንኩርት ስትመድብ የዋለችው እናት «ዝምታው ህልውናዬ ውስጥ ተሰነጠቀ» ትላለች። ወያላው ልጇ በር ላይ ቆሞ የራሱን ህልውና ይሰነጥቃል። የሰባት ዓመቷ ሕፃን ጣቷን ከአፍንጫዋ አውጥታ ህልውናዋን ትፈትሻለች። ቡና የተጠራችው ጎረቤትም የተሰነጠቀ ህልውናዋን ይዛ ትደርሳለች። ቡናው ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ድመቷን ያተረፋት ምዕራፍ አለማግኘቷ ነው።

ደራሲውን አትውቀሱት፣ ሰዋስው አዘናግቶት ነው። በምልልስ ላይ «ሄድክ»ና «ሄድሽ» ሥራውን ያቀሉለታል። በ«እኔ» ትረካ ግን ወንድምም እኅትም «ሄድኩ» ነው የሚሉት፤ ሁለቱ ልጆች አንድ ሰው ሆነው የሚቀሩትም እዚያ ላይ ነው። አያትን «ሄድሁ» ማሰኘት፣ «በ1977 ዓ.ም.» በማለት ፈንታ «በዚያ በድርቁ ጊዜ» ማስባል፣ ወያላውን በቁርጥራጭ ዓረፍተ ነገር ማስሮጥ፣ እናት ከሁሉ አስቀድማ የጀበናውን ዋጋ እንድታስብ ማድረግ... ማን ይደክማል! አንድ ተረት ማከፋፈልማ የባሰ ጣጣ ነው። አያት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ይጨርሱታል፤ እናት «ቀስ በቀስ...» ብላ ትተወዋለች፤ ሕፃኗ «እንቁላል እግር አለው እንዴ?» ትላለች። ዝምድናቸውም ልዩነታቸውም በአንድ እንቁላል ይታወቅ ነበር።

ሌላው ጎበዝ ደግሞ ለየሰዉ አንዳንድ ቃል ያድላል። አያት በየመስመሩ «ልጄ»፣ ወያላው በየመስመሩ «ባክህ»። ቃሉን ብትሰርዙት ያው ህልውና ብቅ ይላል።

የአያትየዋ ነገር ግን ያንገበግባል። እኒያ እናት የራሳቸው መሐላ፣ የራሳቸው ምርቃትና እርግማን አላቸው፤ ሙሾ ሲያወጡ ድንኳን ሙሉ ሰው ያስለቅሳሉ። እናንት ደራሲዎች፣ ይህን ሁሉ ከአፋቸው ነጥቃችሁ የራሳችሁን መጣጥፍ ታጎርሷቸዋላችሁ! አታፍሩም?

ስሙን በወረቀት ሸፍናችሁ ከየምዕራፉ መሐል አንዳንድ ገጽ አንብቡና ማን እያወራ እንደሆነ ለዩ የሚሉ ምቀኞች አሉ። አትስሟቸው። ሁለተኛው ቅጽ እየታተመ ነው አሉ፤ ተራኪዎቹ ስድስት ደርሰዋል፣ መንትዮችም አሉበት።