መኪና ቆጠራ ለምኔ

ከቤቴ ፊት ለፊት የእግረኛ ማቋረጫ ምልክት አለ። ልክ በተሳለው ሰውዬ እግር ላይ «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ስልክ ቁጥሩ ከሥር ተሸንሽኗል፤ ገንጥሎ መሄድ ብቻ ነው። እግዜር ይስጣቸው!

«እናማክራለን» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። እንሸጣለን አላሉም። ጨዋነት እንዲህ ነው።

የእህቴ ልጅ በትራንስፖርት ምህንድስና ማስተርሱን ሊይዝ ሲነሳ መስፈርቱን አይቼ አንጀቴን በላኝ። የሲቪል ምህንድስና ዲግሪህን አምጣ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አስልክ። የድጋፍ ደብዳቤ አጽፍ። የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን እለፍ። ይህን ሁሉ ችሎ፣ ኮርሱንም ጨርሶ፣ መጨረሻ ላይ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ለመመረቂያ ጽሑፍህ አደባባይ ዳር ቆመህ መኪና ቁጠር! ባጃጁን ለብቻ፣ ሚኒባሱን ለብቻ፣ የጭነቱን ለብቻ፣ በየ15 ደቂቃው፣ በዚህ በባሕር ዳር ፀሐይ። ሰው ተምሮ ተምሮ እንደ እረኛ ይቁጠር እንዴ?

አማካሪዎቹ ደረሱለት። በሳምንቱ ጥናቱ ተጠርዞ መጣ። አንዲት ባጃጅ አልተቆጠረች፣ አንድ እስክሪብቶ አላለቀ።

ሰንጠረዡን ገልጬ አየሁት። ያምራል። «ጋሪ፣ በሰዓት 212» ይላል። ብስክሌት የሚል ዓምድ ግን የለም። ባሕር ዳር ላይ፣ ብስክሌት የለም!

«ይሄ ሁሉ ጋሪ ከየት መጣ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አዳማ ላይ የተሠራ ነው። የከተማውን ስም ቀይረውልኛል።»

እውነት ነው፣ አንድም ሳያስቀሩ ቀይረዋል። ኮምፒውተር ደግ ነው፤ አንዴ ካዘዙት አይደክመውም። «ከባሕር ዳር ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚተላለፉ ተሳቢዎች» የሚል ምዕራፍ ሁሉ አለው። እኛ የጣና ዳር ሰዎች በአንድ ሌሊት የእውነት ባሕር ዳር አደርን፤ ይህን ያህል ያቀረበን መንገድ ሠሪ አላውቅም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የአባይ ድልድይ ግን፣ 380 ሜትር ተዘርግቶ፣ ጥናቱ ውስጥ የለም። በአዳማ በኩል አባይ አያልፍማ! ጥንቃቄያቸውን አደነቅሁ።

ዋናው ውጤቱ ነው። የመንገድ አገልግሎት ደረጃ ከኤ እስከ ኤፍ ይሰጣል። ኤ መኪናው እንደልቡ የሚፈስበት፣ ኤፍ ደግሞ ተቆላልፎ የሚቆምበት ነው። የእኛ አደባባይ ኤ አገኘ። የሰፈሩ ሰው እልል አለማለቱ ስላልሰማ ነው።

ዲፌንሱን ያለፈ ዕለት የጣና ዓሣ ልጋብዝህ ብሎ ይዞኝ ወጣ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ መሻገር አቃተን። ባጃጅ ከግራ፣ ብስክሌት ከቀኝ፣ መሐል ላይ ሁለት ሚኒባሶች አፍ ለአፍ ገጥመው ጡሩምባ ይነፋሉ። አንዱ ባጃጅ የጫማዬን ጫፍ ገጨት አድርጎ አለፈ።

«ኤ ነው አላልክም?» አልኩት።

ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ። «ጋሼ፣ እሱ የአዳማው ነው።»