ለጽኑ ሕሙማን መድኃኒት ፍለጋው ከጂን ይጀመር?

አንዲት የጂን ተመራማሪና አንድ የጽኑ ሕሙማን ሐኪም በዚህ ይከራከራሉ። መነሻው በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ጂኖሚክ የተባለ ጥናት ነው፤ ኮቪድ ለሞት ያቃረባቸውን ሰዎች ዲኤንኤ ከሌላው ሕዝብ ጋር ያነጻጽራል።

የጂን ተመራማሪዋ፦ በብሪታንያ 208 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተኙ 2,244 ሰዎች ዲኤንኤ ተመረመረ። በሰዎች ዲኤንኤ መካከል ያሉት ልዩነቶች በሚሊዮን ስለሚቆጠሩ በአጋጣሚ ብቻ ብዙ የሐሰት «ግኝት» ይወጣል። ስለዚህ የሚታመነው የአጋጣሚነት ዕድሉ ከ100 ሚሊዮን 5 በታች የሆነው ብቻ ነው። ይህን ወንፊት ካለፉት አንዱ ታይክ2 ነው፤ ጂኑ ከልክ በላይ ሲሠራ የገዛ መከላከያችን ሳንባን ያቃጥላል። ይህን መንገድ የሚገታ ባሪሲቲኒብ የተባለ የመገጣጠሚያ ሕመም እንክብል ቀድሞ ነበር። ሪከቨሪ የተባለው የብሪታንያ የኮቪድ መድኃኒት ሙከራ 8,156 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ፣ በቀን 4 ሚሊግራም እስከ 10 ቀን ሰጥቶ ሞከረው። ካልወሰዱት 14 ከመቶ ሞቱ፣ ከወሰዱት 12።

የጽኑ ሕሙማን ሐኪሙ፦ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት፣ ዶክተር። ባሪሲቲኒብን በፌብሩዋሪ 2020 ያጨው የኮምፒውተር ፍለጋ ነው፤ የአሜሪካው ሙከራ በሜይ ተጀመረ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃዱም በኖቬምበር ተሰጠ። የእናንተ ጽሑፍ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው ዲሴምበር ላይ ነው። ደግሞስ መድኃኒቱ በዋናነት የሚገታው የታይክ2 ቤተሰብ የሆኑትን ጃክ1ንና ጃክ2ን እንጂ ታይክ2ን አይደለም።

ተመራማሪዋ፦ ረቂቁ በሴፕቴምበር ወጥቷል። ቀዳሚነቱን ግን አልሟገትም፤ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ በር ላይ ማድረሳቸው ለእኔ ማስረጃ ነው። የጂን ድጋፍ ያላቸው መድኃኒቶች ከሌላቸው ይልቅ የመሳካት ዕድላቸው 2.6 እጥፍ እንደሆነ በ2024 ታትሟል። ለሴፕሲስስ፣ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ የገዛ አካሉን ለሚጎዳበት ሕመም፣ በአይጥ ላይ ሠርተው ሰው ላይ የከሸፉት ስንት ናቸው?

ሐኪሙ፦ የእናንተም ከሽፏል። ኢፍናር2 የተባለው ጂን ወደ ኢንተርፌሮን፣ ሰውነት ቫይረስን ለመከላከል ወደሚያመነጨው ፕሮቲን፣ ጠቁሞ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሶሊዳሪቲ ሙከራ ውስጥ ግን ኢንተርፌሮን ቤታ ሞት አልቀነሰም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ጂን ከልደት ጀምሮ ይሠራል፤ እኛ መርፌውን የምንወጋው ቫይረሱ ሥራውን ጨርሶ ሰውየው ኦክስጅን ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። ሴፕሲስም ቢሆን አንዱ ከሳንባ፣ ሌላው ከአንጀት የመጣበት ነው፤ አንድ ቅርጫት ውስጥ ሲጨመሩ ምልክቱ ይደበዝዛል።

ሌላም አለ። ከ2,244ቱ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው 182 ብቻ ነበሩ። ክሮሞዞም 3 ላይ ያለውና ኒያንደርታል ከተባሉት ከጠፉት ጥንታዊ ሰዎች የተወረሰው አደገኛ ቁራጭ ከአውሮፓውያን 16 ከመቶ ያህሉ አላቸው፤ አፍሪካ ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። እዚያ የተገኘውን ይዘው አዲስ አበባ ላይ ምን ይፈልጋሉ?

ተመራማሪዋ፦ ይህኛው ብዙ አፍሪካውያን ይካተቱ ያሰኛል እንጂ ጥናቱ ይቅር አያሰኝም። የሚጠየቀው አንድ ብልቃጥ ደምና፣ ሕመምተኛው ራሱን ስለማያውቅ፣ የቤተሰብ ፈቃድ ነው።

ሐኪሙ፦ ደሙ ይወሰድ። የምቃወመው የሙከራ ወረፋው በጂን ለታጩት ብቻ ሲከፈት ነው። በ2020 በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት የሞቱትን በሲሶ የቀነሰው ዴክሳሜታዞን፣ ያ 6 ሚሊግራም ርካሽ መድኃኒት፣ የጂን ምስክር አምጣ ቢባል ኖሮ በር ላይ ቆሞ ይቀር ነበር።